ከመመለሳችን በፊት «የቀረህ አለ?» ብንባባልስ?

የአራት ኪሎው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ያለሁበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም፣ ካቶሊኩም አለበት። በቅርቡ አንዲት እህት ጻፈች። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እንዲህ አለች፦ «ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ቆየሁ። እዚህ አገር የለም። አርብ ስወጣ ጴንጤ የሆኑ ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ይጸልያሉ። አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ቀለል ይለኛል። ማታ ስተኛ ግን ይጨንቀኛል። ኃጢአት ነው?»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «ከመናፍቃን ጋር መጸለይ በቀኖና የተከለከለ ነው» አለ። ሌላው «እህቴ፣ ሃይማኖት አያድንም፣ ጌታ ነው የጠራሽ» አለ። ሦስተኛው ለሁለተኛው መለሰ። ከዚያ ስለ ምልጃ የሚያከራክረን ጥቅስ፣ ሮሜ 8፥34፣ መጣ። ሮሜ 8፥34 ከመጣ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የድምፅ መልእክት፣ ስክሪንሾት፣ ከአንድ መምህር ስብከት የተቆረጠ ቪዲዮ፣ ከአንድ ፓስተር ስብከት የተቆረጠ ቪዲዮ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ልጅቷ መሐል ላይ አንዴ ብቻ «እሺ አመሰግናለሁ» ብላ ጻፈች። ልብ ያላት የለም። ጠዋት ላይ ግሩፑን ለቃ ወጥታለች።

«ንስሐ አባት አለሽ ወይ?» ያላት የለም። «ከአገርሽ ከወጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? አሠሪዎችሽስ እንዴት ናቸው?» ያላትም የለም። ጥያቄዋ የቀኖና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ብቸኝነት ነው። ይህንን ለማየት ሊቅ መሆን አይጠይቅም። እስከ መጨረሻው ማንበብ ይበቃ ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ መስማት ለእኛ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ባል ይናገራል። ሚስት አቋርጣ ልትገባ ስትል «ቆይ ልጄ፣ ተራሽ ይደርሳል» ትባላለች። ባል ሲጨርስ ግን ሽማግሌው ወዲያው ወደ ሚስት አይዞሩም። «የቀረህ አለ?» ይላሉ። ሰውዬው ትንሽ ያስባል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። እስከዚያ ስለ ገንዘብ ሲያወራ ቆይቶ «እናቴ ስትሞት ለቀብር አልመጣችም» ይላል። እርቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ያቺ እህት «የቀረሽ አለ?» ብትባል ኖሮ ምን ትል ነበር? አላውቅም። ማናችንም አናውቅም፤ አልጠየቅናትማ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የእምነት ጉዳይ ላይ ከመመለሳችን በፊት የሰማነውን በራሳችን ቃል እንበለው፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ይበል። ከዚያ «የቀረህ አለ?» ብለን እንጠይቅ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥል። ሐዋርያው ያዕቆብ «ሰውም ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን» ብሏል። ፍጥነት የታዘዝነው ለአንዱ ብቻ ነው። ምን ትላላችሁ?

---

እውነት ብቻ

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ቅን ነው፤ ስለ ልጅቷ የጻፍከውም ልብ ይነካል። ግን ልቃወምህ። «ትሕትና» እየተባለ ስንት ስሕተት በጓሮ በር ገብቷል? የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ የተሰደደው የወልድን አምላክነት የካዱትን አርዮሳውያንን «የቀረህ አለ?» ሲል አይደለም። ቆሞ ስለተናገረ ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይቭ ላይ በሺህ ወጣት ፊት ስሕተት ሲዘራ እኔ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልጆቻችን ያልቃሉ። ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን ጴጥሮስ አዞናል። ዝምታ ትሕትና አይደለም።

---

ብርሃን

ጌታ ይባርክህ የአራት ኪሎው። እኔ ወንጌላዊት ነኝ፤ መካነ ኢየሱስ ነው ያደግሁት።

እውነት ብቻ፣ የጠቀስከው የጴጥሮስ ቃል እኮ እዚያ ላይ አያበቃም። «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል። ግማሹን ስናነብ ሁላችንም ተዋጊ እንሆናለን።

በእኛ ሰፈርም ያለውን ልናገር። ኦርቶዶክስ ወንድሞችን ስናገኝ «ለምን ለሥዕል ትሰግዳላችሁ?» ብለን ነው የምንጀምረው። የሚሰግዱት ለሥዕሉ ነው ወይ ብሎ ከልቡ የጠየቀ ጥቂት ነው። መልሱን አስቀድመን ይዘን ስለምንመጣ ጥያቄያችን ጥያቄ አይደለም። እርስ በርሳችንም ያው ነን። አንድ አገልጋይ ስለ ብልፅግና ወንጌል ሲናገር ሙሉውን ስብከት የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ሁላችንም የተቆረጠውን አንድ ደቂቃ እንቀባበላለን።

---

የአራት ኪሎው

@እውነት ብቻ ስለ አትናቴዎስ ስላነሳህ ደስ ብሎኛል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ሰው አይደለም። አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን እሱ ነው።

የተናገርከው እውነት ነው፣ ቆሞ ተናግሯል። ግን በ362 እ.ኤ.አ. ያደረገውን ተመልከት። ከስደት ወደ እስክንድርያ ተመለሰና ብዙም ሳይቆይ ጉባኤ ጠራ። ያኔ አንጾኪያ ላይ ሁለት ወገኖች ተለያይተው ነበር። ሁለቱም አርዮስን ያወገዘውን የኒቅያን ጉባኤ እንቀበላለን ይላሉ፣ እርስ በርስ ግን አይቀዳደሱም። አንዱ ወገን ስለ ሥላሴ ሲናገር ሃይፖስታሲስ (በግሪክ፤ እኛ «አካል» የምንለው) ሦስት ነው ይላል። ሌላው አንድ ነው ይላል። አንዱ ሌላውን «አርዮሳዊ» ይለዋል፣ ያኛው ደግሞ «ሰባልዮሳዊ» (ሦስቱን አካላት አንድ አካል የሚያደርግ) ብሎ ይመልሳል።

ጉባኤው ምን አደረገ? ጠየቃቸው። «ሦስት ስትሉ እንደ አርዮሳውያን የተለያዩ፣ የማይገናኙ ባሕርያት ማለታችሁ ነው? ሦስት አማልክት ማለታችሁ ነው?» «አይደለም» አሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነም አስረዱ። ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «አንድ ስትሉ ወልድና መንፈስ ቅዱስ የሉም ማለታችሁ ነው?» «አይደለም» አሉ፤ እነሱም አስረዱ። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሆኖ ተገኘ። ጉባኤው በዚህ ተስማምቶ ለአንጾኪያ ደብዳቤ ጻፈ።

በዚያው ዓመት አትናቴዎስ እንደገና ተሰደደ። ስለዚህ ፈሪ ነው፣ አለዘበ የሚለው የለም። ስለ አርዮስም ቢሆን፣ ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ ከመፍረዱ በፊት ሁለቱን ወገን አቅርቦ ማከራከሩን የጥንት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ጽፏል። ሰምቶ አወገዘ እንጂ ሳይሰማ አላወገዘም።

እኔ ዝም በል አላልኩህም። ስማና ተናገር ነው ያልኩህ።

---

ከባሕር ማዶ

ያቺን ልጅ አላውቃትም። ግን እኔም በዚያው አገር ሰው ቤት ነው ያለሁት። የምጽፈው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድምፅ አትላኩልን። ስልካችንን የምናየው ተደብቀን ነው። ማዳም አጠገቤ እያለች የሃያ ደቂቃ ድምፅ እንዴት ልስማ? በጽሑፍ ቢሆን በአንድ ዓይኔ አነባለሁ። ሰው ጥያቄ ጠይቆ ዝም ሲል መልሱ ተስማምቶት አይምሰላችሁ። ምናልባት ስልኩን ተቀብለውት ይሆናል።

ሌላው ደግሞ ስንጠይቅ «አንቺ እኮ» እያላችሁ አትጀምሩ። ይህ አገር ምን እንደሚመስል ጠይቁን። አርብም ሁሌ አንወጣም። እኔ ከተቀጠርኩ በኋላ ብዙ ወር ከቤት ሳልወጣ ኖሬአለሁ። በጾም እንኳ ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ ማግኘት የቤቱ ሰው ፈቃድ ነው። ሥጋ ቀቅለው ብዪ ሲሉኝ እንቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ እዚያ ቁጭ ብሎ ለሚፈርድ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ካስረዳሁም በኋላ መልሱ «ሰማዕታት እኮ...» ነው።

---

ዲያቆን ከጎንደር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባቶች ስለ ጾም የሚፈርዱት እንደ ሰውየው አቅምና ሁኔታ ነው፤ የንስሐ አባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አገር ቤት ንስሐ አባት ካሉሽ ሁኔታሽን በጽሑፍም ቢሆን ንገሪያቸው። ከሌሉሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ በጽሑፍ ብቻ የሚመልሱ አባት አገናኝሻለሁ። እስኪመችሽ ድረስ እጠብቃለሁ፤ ዘገየሽ ብዬ አልታዘብሽም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው የአራት ኪሎው ያለውን ሳይናገሩት ያውቀዋል። የመጽሐፍ ትርጓሜ ስንማር አንዱ ንባቡን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፣ እኛ እንሰማለን። ማስታወሻ የለም፣ ሁሉ በጆሮ ነው። ከጉባኤ በኋላ ቅጸላ አለ። መምህሩ ያሉትን እርስ በርስ መልሰን እንለዋለን። አንዱ አንዲት ሐረግ ካዛነፈ ሌላው «እንዲያ አላሉም» ብሎ ያርመዋል። የራስህን ሐሳብ ከመጨመርህ በፊት የተባለውን እንደተባለ ማድረስ አለብህ። ያንን ያልቻለ ተማሪ መምህሩን ለመቃወም አይበቃም።

አንድምታውም እንደዚያው ነው። ለአንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ሁለትም ሦስትም ትርጓሜ ይቀመጣል። ሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች፣ የላይ ቤት እና የታች ቤት ሊቃውንት፣ በስንት ነገር ተለያይተዋል፤ ግን የሌላውን ቤት ትርጓሜ የማያውቅ ሊቅ ሊቅ አይባልም ነበር። ዛሬ ግን ሰው የሌላውን ወገን ትምህርት የሚያውቀው ከራሱ ወገን መምህር ነው። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

@እውነት ብቻ ልክ የሆነበት አንድ ነገር አለ። አደባባይ ላይ የተነገረ ስሕተት አደባባይ ላይ መልስ ያስፈልገዋል። ግን ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን ምን አደረጉት? እሱ በምኵራብ በድፍረት እየተናገረ ነበር፤ የጎደለውም ነገር ነበረው። ሰሙት፤ ከዚያ ወስደው በትክክል ገለጡለት። ቆመው አላቋረጡትም። ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰባኪ አገኘች።

---

የታሪክ ተማሪ

ከራሳችን ታሪክ ሁለት ጉባኤዎችን ላንሳ።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ስላሉ ለብዙ ዘመን ተገፍተዋል። ክህነት ተከልክለዋል። አባታችን ራሳቸው ተሰደው አርመን አገር ነው ያረፉት። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስም ታስረው ነበር። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው «ነገሩ ያለቀለት ነው፣ መናፍቃን ናቸው» ይል ነበር። ዐፄ ዳዊት በ1404 እ.ኤ.አ. ፈቷቸው፤ በሥርዓታቸው እንዲኖሩም ፈቀደላቸው። በ1450 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠራ። ሁለቱም ሰንበት እንዲከበሩ ተወሰነ። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተቀበሉ። ዛሬ ቀዳሚት ሰንበትን የሚያከብር ኦርቶዶክሳዊ ሁሉ የእነዚያ የተገፉ መነኮሳት ባለ ዕዳ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ የዋህ ነበር እያልኩ አይደለም። እሱ ያሳደዳቸውን መነኮሳት፣ የደቂቀ እስጢፋኖስን፣ መከራ ያነበበ ያውቀዋል። ግን በዚህ አንድ ጉዳይ ሰው ተሰማ፤ ስንጥቁም ተጠገነ።

ሁለተኛው ቦሩ ሜዳ ነው፣ 1878 እ.ኤ.አ.። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተገኙበት የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚለው፣ የሦስት ልደት ክርክር ተደረገ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ ፍርድ ተሰጠ፣ ያልተቀበለም ተቀጣ። የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና ተነሡ ተባሉ። ያሸነፈው ትምህርት የእኔም ትምህርት ነው፤ ዛሬ ቢጠይቁኝ እሱኑ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ሰው በንጉሥ ቁጣ ሲረታ አፉ ይዘጋል እንጂ ልቡ አይመለስም። ቁርሾው ለልጅ ልጅ ነው የሚተርፈው። እኛ ዛሬ ንጉሥ ባይኖረንም ብሎክ የሚያደርግ አድሚን እና በሺህ የሚቆጠር ተከታይ አለን። ሰውን በእነሱ ማሸነፍ ለእኔ ያው ቦሩ ሜዳ ነው።

---

ቨርጂኒያ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን ዲያቆን።

እኛ እዚህ ዲሲና አካባቢው ያለን ሰዎች ያለመስማትን ዋጋ ከፍለናል። «የአገር ቤት ሲኖዶስ»፣ «የስደተኛው ሲኖዶስ»፣ «ገለልተኛ» እየተባለ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቦታ ተከፍሎ ልጅ አሳድገናል። እህትማማቾች በተለያየ አጥቢያ ስለሚያስቀድሱ ክርስትና የማይጠራሩበት ጊዜ ነበር። በሃይማኖት ቢለያዩ አንድ ነገር ነው። አንዲት ነጥብ የእምነት ልዩነት አልነበረም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች እዚሁ ዋሽንግተን ተቀምጠው ታረቁ። የስደተኛው ሲኖዶስ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ከሃያ ዓመት በላይ ስደት በኋላ አገራቸው ገቡ። በዚያ ሰሞን ሰው ጎዳና ላይ ያለቅስ ነበር። እኔን ግን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አባቶች ቢታረቁም በየፌስቡኩ የተጻፈው አልታረቀም። «ከሃዲ» ያለውና የተባለው አሁን በአንድ ጽዋ ማኅበር ይቀመጣሉ፤ ጽሑፉ ግን አለ፣ ልጆቻቸው ያነቡታል። የአፍ ንግግር ይረሳል፣ ይህ አይረሳም። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ያ ሰው ነገ አብሯችሁ ቢያስቀድስ ብላችሁ አስቡ።

---

አንጋፋው

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ አመሸሁ።

እኔ የደርግን ዘመን ያየሁ ነኝ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ሁለት አባቶች ተገደሉ። አንዱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሌላው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ሁለቱም ያለ ፍርድ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ።

ያኔ እስር ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ይተኛ ነበር። ክርክር አልነበረም አልልም። ነበረ። ግን የምትከራከረው ማታ ብርድ ልብስ ከሚያጋራህ ሰው ጋር ነው። ሲናገር ፊቱን ታያለህ። ስትሰድበው ነገ ጠዋት አብረኸው ሻይ መጠጣት አለብህ። ስለዚህ ሰው ሳይወድ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ሰማዕታት አንድ ሃይማኖት አልነበራቸውም፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። የአንዱን ስም እየጠራ የሌላውን ልጆች የሚሰድብ ሰው ሳይ ግን ያመኛል።

---

እውነት ብቻ

ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። እህታችን ከባሕር ማዶ፣ የድምፁን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር፤ በያለሁበት ግሩፕ እነግራለሁ።

የአራት ኪሎው፣ ስለ 362ቱ ጉባኤ የጻፍከውን ተቀብያለሁ። ግን ሁለት ነገር ላይ አሁንም አልስማማም። አንደኛ፣ እነዚያ ወገኖች ሁለቱም ኒቅያን ተቀብለዋል። እኛና ፕሮቴስታንቶች እንዲያ አይደለንም። ጠይቀን ጠይቀን አንድ ሆነን አንገኝም። ሁለተኛ፣ ላይቭ ላይ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመማር አይመጣም። ስጦታ ለመሰብሰብ ነው የሚመጣው። ለእሱ «የቀረህ አለ?» ማለት ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ነው።

---

የአራት ኪሎው

ሁለቱም ትክክል ናቸው። በሁለተኛው ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እዚያ አትግባ። ሰው ሊሰማህ የማይችልበት ቦታ ላይ መከራከር ግዴታህ አይደለም። መልስህን በጥሩ ጽሑፍ ጻፈውና ለሚፈልግ አስቀምጥለት።

በመጀመሪያው ላይ ግን፣ አንድ ሆነን እንገኛለን አላልኩም። ሰምተን ተለያይተን ብንገኝ ቢያንስ የተለያየነው በእውነተኛው ቦታ ላይ ይሆናል። አሁን ግማሹ ጠባችን ማንም ባላለው ነገር ነው። ብርሃንን ለምን አትጠይቃትም? እዚሁ አለች።

---

እውነት ብቻ

እሺ። @ብርሃን እህቴ፣ ልጠይቅሽ። ዛሬ አልመልስም፣ መስማት ብቻ ነው። እናንተ ቤት ሰው ሲታመም ለወንድሙ «ጸልይልኝ» ይላል። ይህንን እንደ ምልጃ ታዩታላችሁ? ካያችሁት ቅዱሳን ላይ ስንደርስ ለምን ይከለከላል?

---

ብርሃን

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰግናለሁ። አዎ፣ ምልጃ ነው። «አማልዱኝ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ባንጠቀምበትም ማለታችን እሱ ነው። ስለዚህ «ጴንጤዎች ምልጃ የሚባል ነገር አይቀበሉም» ከተባልክ እንዲያ አይደለም። የምንለየው በአካለ ሥጋ የሌለ ሰው ልመናዬን ይሰማል ወይ የሚለው ላይ ነው። በጌታ ዘንድ ሕያዋን መሆናቸውን አምናለሁ። ግን ወደ እነሱ እንድለምን የታዘዝኩበትን ቦታ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ሌላው ፍርሃቴ ደግሞ ሰው ወደ ጌታ በቀጥታ ለመቅረብ አልበቃም ብሎ እንዳይሸሽ ነው። አያቴ እንደዚያ ነበሩ፤ በጣም እወዳቸው ነበር፣ ግን ጌታን ይፈሩት ነበር፣ ስሙን ጠርተው ለመለመን ይሳቀቁ ነበር። እኔ ይህንን ጥያቄ የያዝኩት ከእሳቸው ነው እንጂ ከፓስተር አይደለም።

---

እውነት ብቻ

ስለዚህ የሰማሁት ይህ ነው፦ ምልጃን አትክዱም፣ ጥያቄያችሁ በዐጸደ ነፍስ ያሉት ይሰማሉ ወይ የሚለው ነው፣ ፍርሃትሽ ደግሞ ሰው ከጌታ እንዳይርቅ ነው። ልክ ነኝ? የቀረሽስ አለ?

---

ብርሃን

ልክ ነህ። አንድ ቀረኝ። እናንተስ ስትለምኑ ልባችሁ ውስጥ ያለው ማን ነው? ከመጽሐፍ የተጻፈውን አይደለም የምጠይቅህ። አንተ ራስህ፣ ማታ ስትጸልይ።

---

እውነት ብቻ

ይህ አስቤ የምመልሰው ነው። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እጽፍልሻለሁ።